ያገለገለ ኤስዩቪ ሲገዙ፦ ከሥር ወደ ላይ የሚደረግ ፍተሻ

ኤስዩቪ በቁመቱ ሰውን ያሳምናል። ከፍ ብሎ፣ ጎማው ወፍሮ ሲታይ የማይበገር ይመስላል። ይሁንና ከተራ አውቶሞቢል የበለጠ ወጪ የሚያመጡት ክፍሎቹ ያሉት ዓይን በቀላሉ በማያርፍበት ቦታ ነው። ሻንሲው፣ ትራንስፈር ኬዙ (ኃይሉን ወደ ፊትና ወደ ኋላ የሚያከፋፍለው ሳጥን)፣ የፊትና የኋላ ዲፍረንሻሉ (ኃይሉን ለግራና ለቀኝ ጎማ የሚያካፍለው)፣ ካርዳኖቹ (ኃይሉን ወደ ዲፍረንሻሎቹ የሚያደርሱት ረጃጅም ዘንጎች) ሁሉም ከወለሉ ሥር ናቸው። ሻጭ አጥቦና አብርቶ የሚያቀርበው ደግሞ ከላይ ያለውን ነው። ብዙ ገዢ ከቀለሙ ይጀምራል፤ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ መሪውን ከጨበጠና ልቡ ከሄደ በኋላ ጎንበስ ብሎ ከሥር ለማየት ፍላጎት ያጣል። ስለዚህ ቅደም ተከተሉን እንገልብጠው፦ መጀመሪያ ወረቀት፣ ቀጥሎ ቀዝቃዛ ሞተር፣ ከዚያ ከሥር፤ ቀለምና ወንበር መጨረሻ።

ለፍተሻው ጠንካራ የእጅ ባትሪ፣ ትንሽ ማግኔት፣ ነጭ ጨርቅና የሚተኙበት ካርቶን ይያዙ። ከተገኘ የመኪናውን ኮምፒውተር የሚያነብ ርካሽ የኦቢዲ መሣሪያ ይጨምሩ። ሰዓቱ ቀን ይሁን፤ ዝናብ የነካው ገላ ጭረቱንም የቀለም ልዩነቱንም ይደብቃል።

ደረጃ 1፦ ምን ዓይነት ኤስዩቪ እንደሆነ ይለዩ

ኤስዩቪ በሚለው ስም ሁለት በጣም የተለያዩ መኪኖች ይሸጣሉ። አንደኛው ገላው በወፍራም የብረት ሻንሲ ላይ የተጫነ ነው፤ ላንድክሩዘር 70፣ ፕራዶ፣ ኒሳን ፓትሮልና ሱዙኪ ጂምኒ ከዚህ ወገን ናቸው። ሁለተኛው የተለየ ሻንሲ የለውም፣ ገላው ራሱ ሸክሙን ይሸከማል፤ በ1994 (እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) የወጣው ራቭ ፎር፣ እንዲሁም ሲአርቪና ተክሰን እንዲህ ናቸው። የሞዴሉ ስም ብቻውን አይበቃም። ፓጄሮ ለምሳሌ በ1999 በወጣው ሦስተኛ ትውልዱ ከመጀመሪያው ወገን ወደ ሁለተኛው ተሻግሯል።

ልዩነቱ የሚፈተሸውን ቦታ ይቀይራል። ባለ ሻንሲው ላይ የተጣመመ፣ የተበየደና የዛገ ሻንሲ ይፈለጋል። በሌላው ላይ ግን ወለሉ፣ የበሮቹ ምሰሶዎችና ሞላና አሞርዛተር የሚታሰሩባቸው ቦታዎች ናቸው ወሳኙ፤ እነሱ ከተጎዱ መኪናው አጥንቱ ተጎድቷል ማለት ነው።

የሚነዱትን ጎማዎችም ይለዩ። ሾፌሩ ሲፈልግ ብቻ በማርሽ የሚያስገባው ፎር ዊል ድራይቭ አለ፤ ሁልጊዜ በአራቱም ጎማ የሚሄድ አለ፤ የፊት ጎማ ሲንሸራተት ኮምፒውተሩ ወደ ኋላ ኃይል የሚልክበትም አለ። ብዙ ትናንሽ ኤስዩቪዎች ደግሞ በፊት ጎማ ብቻ የሚነዱ ሆነው፣ መልካቸው ግን አንድ ሆኖ ይሸጣሉ። ሻጩ «ፎር ዊል ነው» ካለ ጎንበስ ብለው ወደ ኋላ ጎማዎች ይመልከቱ። በፊት ጎማ ለመነዳት በተሠራ ቤንዚን ወይም ናፍጣ መኪና ላይ ከፊት ተነስቶ ወደ ኋላ የሚሄድ ካርዳንና የኋላ ዲፍረንሻል ከሌሉ ፎር ዊል ድራይቭ አይደለም። አንዳንድ ሃይብሪዶች ግን የኋላ ጎማቸውን በኤሌክትሪክ ሞተር ስለሚያሽከረክሩ ካርዳን የላቸውም።

ደረጃ 2፦ ቁጥሮቹ ይስማሙ

ከ1980ዎቹ መጀመሪያ ወዲህ ያለው መደበኛ የሻንሲ ቁጥር 17 ፊደላትና አሃዞች አሉት። ከላቲን ፊደላት አይ፣ ኦ እና ኪው አይገቡበትም፤ ከአንድና ከዜሮ ጋር እንዳይምታቱ ተብለው ተትተዋል። በጃፓን ገበያ ለአገር ውስጥ የተሸጡ መኪኖች ግን አጠር ያለ የራሳቸው ቁጥር ስላላቸው 17 አለመሆኑ ብቻውን አያስደነግጥ።

ቁጥሩን በሊብሬው፣ በፊት መስታወቱ ታችኛ ጥግ፣ በሾፌሩ በር ምሰሶ ላይ ባለው የአምራቹ መለያና በራሱ በብረቱ ላይ በተቀረጸው ያነጻጽሩ። ባለ ሻንሲ መኪና ላይ የተቀረጸው ቁጥር ብዙ ጊዜ ከፊት ጎማ አካባቢ በሻንሲው ጎን ይገኛል፤ ጭቃውን በጨርቅ ጠርገው ያንብቡት። ዙሪያው ተሞርዶ፣ ተበይዶ ወይም ለብቻው አዲስ ቀለም ተቀብቶ ካገኙት ሌላውን አይፈትሹ፣ ይሂዱ። የሞተር ቁጥሩም ከወረቀቱ ጋር መግጠም አለበት። ሞተር መቀየር ወንጀል አይደለም፣ ያልተመዘገበ ሞተር ግን ስም ሲዛወር መዘዝ ያመጣል።

የሻጩ መታወቂያና የሊብሬው ስም አንድ መሆኑን፣ መኪናው የባንክ ዕዳ ወይም እግድ የሌለበት መሆኑን ከመዝገቡ ባለቤት መሥሪያ ቤት ያረጋግጡ። በዚያው የሻንሲ ቁጥር አምራቹ ለነፃ ጥገና የጠራቸው ጉድለቶች መሠራታቸውን ይጠይቁ። ይህን ማለፍ አደገኛ ነው። ታካታ የሠራቸው የኤርባግ መንፊያዎች በሙቀትና በእርጥበት ብዛት እየተበላሹ፣ ኤርባጉ ሲነፋ የብረት ስብርባሪ ወደ ተሳፋሪ ሲወረውሩ በመገኘታቸው በዓለም ዙሪያ ወደ 100 ሚሊዮን የሚጠጉ እንዲቀየሩ ተጠርተዋል። ከነሱ ውስጥ እስከ ዛሬ ሳይቀየሩ የሚዞሩ አሉ።

ደረጃ 3፦ ሞተሩን ቀዝቅዞ ያግኙት

ከመሄድዎ በፊት ደውለው «እኔ እስክመጣ አታስነሱት» ይበሉ። ሲደርሱ መጀመሪያ እጅዎን ኮፈኑ ላይ ያሳርፉ። ሞቆ ካገኙት ሌላ ቀን ይምጡ። ሲቀዘቅዝ ለመነሳት የሚያስቸግር፣ የሚያጨስ ወይም የሚንኳኳ ሞተር ሲሞቅ ደህና ሊመስል ይችላል፤ አስቀድሞ የማሞቅ ምክንያትም ብዙ ጊዜ ይኸው ነው።

የዘይት መለኪያውን አውጥተው በነጭ ጨርቅ ይጥረጉ። ናፍጣ ሞተር ላይ ዘይቱ መጥቆሩ የተለመደ ነው። የሚያስፈራው ነጣ ያለ ቡናማ ቅባት መስሎ መገኘቱ ነው፤ ውሃ ገብቶበታል ማለት ነው። በዘይት መሙያው ክዳን ሥር ብቻ ስስ ነጭ ነገር ካዩ ግን አጭር መንገድ የሚሄድ መኪና ላይ ከእርጥበትም ሊመጣ ስለሚችል ከመፍረድዎ በፊት መለኪያውንና የራዲያተሩን ውሃ አብረው ይዩ። የራዲያተሩን ክዳን ሞተሩ በቀዘቀዘበት በዚህ ሰዓት ብቻ ይክፈቱ። ዝገት የመሰለ ውሃ የጥገና ጉድለት ነው፤ በላዩ ዘይት ከተንሳፈፈ ግን የቴስታታ ጉዋርኒሲዮን (በሞተሩ ራስና በሞተሩ አካል መካከል ያለው ማሸጊያ) ወይም የዘይት ማቀዝቀዣ ችግር ይጠርጥሩ።

አሁን ሌላ ሰው ያስነሳው፣ እርስዎ ጭስ ማውጫው ጋ ይቁሙ። ሰማያዊ ጭስ ዘይት እየተቃጠለ መሆኑን ይናገራል። ነጭ እንፋሎት በብርድ ጠዋት ለጥቂት ደቂቃ ታይቶ ቢጠፋ ምንም አይደለም፤ ከሞቀ በኋላም ከቀጠለና ጣፋጭ ሽታ ካለው የራዲያተር ውሃ እየተቃጠለ ነው። ጥቁር ጭስ በናፍጣ ላይ ነዳጁ በደንብ አለመቃጠሉን ያሳያል፤ ከቆሸሸ የአየር ማጣሪያ እስከ ውድ ኢንጀክተር ድረስ ምክንያቱ ሰፊ ነው። ሞተሩ ሥራ ላይ እያለ የዘይት መሙያውን ክዳን ፈታ ያድርጉት። ትንሽ ንፋስ ይኖራል፤ ጭስ እየተመታ በኃይል የሚወጣ ከሆነ ፒስተኖቹ አርጅተዋል።

ሰዎች የሚረሱት አንድ ጥያቄ፦ የዚህ ሞተር ታይሚንግ (ቫልቮቹን ከፒስተኖቹ ጋር የሚያስማማው) የሚዞረው በሰንሰለት ነው ወይስ በጎማ ቺንጋ? የላንድክሩዘር ባለ 4.2 ሊትር 1ኤችዜድ ናፍጣ ሞተርን የመሰለ ጠንካራ ሞተር እንኳ የታይሚንግ ቺንጋ አለው፣ ቺንጋውም ዕድሜ አለው። እንደ ሞተሩ ዓይነት ከ90,000 እስከ 160,000 ኪሎ ሜትር ባለው ውስጥ ይቀየራል። በብዙ ሞተሮች ላይ ከተበጠሰ ቫልቭና ፒስተን ይጋጫሉ። የተቀየረበት ደረሰኝ ከሌለ አልተቀየረም ብለው ያስቡ፣ ዋጋውንም ከመኪናው ላይ ይቀንሱ።

ደረጃ 4፦ ከሥር ይግቡ

አብዛኛውን ጊዜዎን እዚህ ያጥፉ። ጋራዥ ላይ ከፍ ማድረግ ከተቻለ በጣም ጥሩ ነው። ካልተቻለ ደልዳላ መሬት ላይ የእጅ ፍሬኑን ስበው ካርቶኑን ያንጥፉ፤ የኤስዩቪ ቁመት ለዚህ ይመቻል። በክሪክ ብቻ የተነሳ መኪና ሥር ግን በፍጹም አይግቡ።

በሻንሲው ይጀምሩ። ግራና ቀኙን እያነጻጸሩ ከፊት እስከ ኋላ ይከተሉ። መስመሩ የተጣመመበት፣ የተጨማደደበት ወይም ፋብሪካ ያልሠራው ብየዳ ያለበት ቦታ ከባድ ግጭት ወይም ስብራት ነበር ማለት ነው። በላይኛው ገጹ ላይ፣ ውሃ በማይደርስበት፣ የደረቀ ጭቃ ተጋግሮ ካገኙ መኪናው ጥልቅ ጭቃ ውስጥ ሠርቷል። ዝገቱን በዓይን ብቻ አይመኑ፤ በመፍቻ እጀታ መታ መታ ያድርጉት፣ ጤነኛ ብረት ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል፣ የተበላው ደግሞ የታፈነ። ከሥሩ ሁሉ አዲስ ጥቁር ቀለም የተቀባ አሮጌ መኪና ከዛገው የበለጠ ያሳስበኛል፤ ዝገቱ የት እንደደረሰ ማየት አይቻልምና። የታዋቂ አምራች ስም ለዚህ ዋስትና አይሆንም። ቶዮታ በአሜሪካ በታኮማ፣ በቱንድራና በሴኮያ ሻንሲ ዝገት የቀረበበትን ክስ በስምምነት ለመጨረስ በ2016 ተስማምቷል።

ቀጥሎ ዲፍረንሻሎቹን ይመልከቱ። ካርዳኑ ከዲፍረንሻሉ ጋር በሚገናኝበት ቦታ አቧራ የያዘ ስስ ወዝ በአሮጌ መኪና ላይ ይታለፋል። ጠብ የሚል ዘይት ግን አይታለፍም፤ ዘይት አጥቶ የሠራ ዲፍረንሻል ጥርሱን ይበላልና። መካኒክ አብሮዎት ካለ የመሙያውን ቡሎን ይፍታና ዘይቱን በጣቱ ያውጣ። የነጣ ዘይት ወንዝ ያቋረጠ መኪና ምልክት ነው፦ የሞቀ ዲፍረንሻል ድንገት ውሃ ውስጥ ሲገባ ውስጡ ያለው አየር ቀዝቅዞ ይኮማተርና በዘይት ማገጃዎቹ በኩል ውሃ ይስባል። ማግኔት ባለው ቡሎን ላይ ስስ ጥቁር ዱቄት ቢኖር የተለመደ ነው፤ የብረት ቅንጣቢ ከሆነ ጥርስ ተሰብሯል። ትራንስፈር ኬዙንም በዚሁ ዓይን ይዩት።

ካርዳኑን በሁለት እጅ ይዘው ወደ ላይና ወደ ታች ይነቅንቁ፣ ግራና ቀኝም ይጠምዝዙ። ክሮቼራው (የካርዳኑ መገጣጠሚያ) ላይ ልቅነት ካለ ይሰማዎታል። የፊት ጎማዎቹን የሚያሽከረክሩት ዘንጎች ጫፍ ላይ ያለው የጎማ ሽፋን ተቀዶ ግሪሱ ዙሪያውን ከተረጨ አቧራ ገብቶ መገጣጠሚያውን መብላት ጀምሯል።

ላንድክሩዘር 70ን ወይም የቆዩ ፓትሮሎችን የመሰለ የፊት አክስሉ ወጥ የሆነ መኪና ከሆነ ከጎማው ጀርባ ያለውን ትልቅ የብረት ኳስ ይመልከቱ። ኳሱ ለስላሳ ሆኖ ስስ የግሪስ ሽፋን ሊኖረው ይገባል። ግሪሱ ቀጥኖ ወደ ታች ከፈሰሰ የውስጡ የዘይት ማገጃ አልቆ የዲፍረንሻል ዘይት ከግሪሱ ጋር ተቀላቅሏል። የሚጠገን ነው፣ ግን የፊቱ አክስል በሁለቱም ወገን ተፈትቶ ነው።

አሞርዛተሮቹ ደረቅ ይሁኑ፤ ባሌስትራ ካለ የተሰነጠቀ ቅጠል ይፈልጉ። ከዚያ ወጥተው ደልዳላ መሬት ላይ ከኋላው ራቅ ብለው ይቁሙና መኪናው ወደ አንድ ጎን ማዘንበሉን ይዩ። ላንድሮቨር ዲስከቨሪ 3ን ወይም ሬንጅሮቨርን የመሰለ በአየር የሚቆም መኪና ከሆነ ደግሞ ሌሊቱን ቆሞ ጠዋት መውረድ አለመውረዱን ያጣሩ፣ ሁሉንም የከፍታ ደረጃ ይሞክሩ። የኮምፕረሰሩና የአየር ከረጢቶቹ ዋጋ ቀላል አይደለም።

ደረጃ 5፦ ጎማዎቹን ያንብቡ

በጎማው ጎን ዶት ከሚለው ጽሑፍ በኋላ የሚገኙት የመጨረሻ አራት አሃዞች የተመረተበት ሳምንትና ዓመት ናቸው፤ 2319 ማለት በ2019 በ23ኛው ሳምንት ነው። ጥርሱ ሙሉ ሆኖ ዕድሜው የገፋ ጎማ አለ፣ ጎኑ ተሰነጣጥቆም ከሆነ እንደ አዲስ አይቁጠሩት።

ሁልጊዜ በአራቱም ጎማ ለሚሄድ ወይም ራሱ ለሚያስገባ መኪና ይህ ከጎማ ዋጋም ያለፈ ጉዳይ ነው። ሁለት አዲስና ሁለት ያለቀ ጎማ የተገጠመበት መኪና ጎማዎቹ በተለያየ ፍጥነት ስለሚዞሩ መሃል ያለው ዲፍረንሻል ወይም ክላች ያለ ዕረፍት ይሞቃል። አራት የተለያየ ዓይነት ጎማ ካዩ ባለቤቱ መኪናውን እንዴት እንደያዘው ሌላ ምስክር አያስፈልግም። አበላሉም ይናገራል፦ አንድ ጠርዝ ብቻ ያለቀ ጎማ የመሪ አሰላለፍ ወይም የተጣመመ ክፍል፣ ማዕበል የመሰለ አበላል ደግሞ የሞተ አሞርዛተር ያመለክታል። ከፋብሪካው ልክ የበለጠ ትልቅ ጎማ ከተገጠመ የፍጥነት ቆጣሪው ከእውነተኛው ያነሰ ያሳያል፣ ፍሬኑም የበለጠ ይደክማል። ትርፍ ጎማውን፣ ክሪኩንና መፍቻውን አይርሱ።

ደረጃ 6፦ ገላውና ውስጡ

እዚህ በፍጥነት መሄድ ይቻላል። የበሮቹንና የኮፈኑን ክፍተት ግራና ቀኝ ያወዳድሩ። የፓራፋንጎና የኮፈን ማጠፊያ ቡሎኖች ቀለማቸው ተልጦ ከሆነ ተፈተው ያውቃሉ። ማግኔቱን ጨርቅ ጠቅልለው በብረቱ ላይ ያስኪዱት፤ የማይዝበት ቦታ ስቱኮ ተሞልቶበታል፣ አሉሚኒየም ወይም ፕላስቲክ ካልሆነ በስተቀር። በመስታወቶቹ ጥግ ያለው የአምራች ምልክትና ዓመት ተቀራራቢ መሆኑንም ይዩ።

በጎርፍ የተዘፈቀ መኪና ግን ጥቂት ደቂቃ ይገባዋል፣ ምክንያቱም ሽቦው ለዓመታት እየበሰበሰ ይሄዳል። የደህንነት ቀበቶዎቹን እስከ መጨረሻው ስበው ያውጡ፤ የውሃ መስመር ወይም ጭቃ እዚያ ይቀራል። ምንጣፉን ገልጠው ያሽቱ፣ የወንበሮቹን ሃዲድ ዝገት፣ የትርፍ ጎማውን ጉድጓድና ከክሩስኮቱ ሥር ያሉትን ሶኬቶች ይዩ። አረንጓዴ የሆነ መዳብ ውሃ ነክቶታል። ጣሪያው የሚከፈት ከሆነ የማስወረጃ ቱቦው ተደፍኖም ምንጣፍ ሊያረጥብ ስለሚችል ሁለቱን ይለዩ።

የኪሎ ሜትር ቆጣሪውን ቁጥር ከፍሬን ፔዳሉ ጎማ፣ ከመሪው ቆዳና ከሾፌሩ ወንበር ጠርዝ ጋር ያመዛዝኑ። ቆጣሪው 60,000 እያለ ፔዳሉ ብረቱ ድረስ ካለቀ ቁጥሩን አይመኑ።

ሞተሩን ሳያስነሱ ቁልፉን ወደ «ኦን» ሲያዞሩ የሞተር፣ የኤቢኤስና የኤርባግ መብራቶች ሊበሩ፣ ሞተሩ ከተነሳ በኋላ ደግሞ ሊጠፉ ይገባል። ጭራሹኑ የማይበራ የኤርባግ መብራት ከማይጠፋው አያንስም፤ ሆን ተብሎ ተነቅሎ ይሆናል። በአሜሪካ ከ1996፣ በአውሮፓ ቤንዚኖቹ ከ2001፣ ናፍጣዎቹ ከ2004 ጀምሮ የወጡ መኪኖች የኦቢዲ ሶኬት አላቸው። መሣሪያው ስህተት የለም ቢልም የራስ ፍተሻዎቹ መጠናቀቃቸውን ይዩ። ብዙዎቹ «አልተጠናቀቀም» ካሉ በቅርቡ አንድ ሰው ስህተቶቹን አጥፍቷል ወይም ባትሪው ተፈትቷል። ሻጩ መኪናውን ጥቂት ቀናት ነድቶ እንደገና እንዲያቀርበው ይጠይቁ።

ደረጃ 7፦ ይንዱት

ግማሽ ሰዓት ያላነሰ ይንዱ፣ ራዲዮው ይጥፋ። አስፋልት፣ ዳገት፣ ጎርበጥባጣና ጠጠር መንገድ ሁሉም ይኑሩበት።

ጠባብ ቦታ ላይ መሪውን እስከ ጫፍ አዙረው ቀስ ብለው ሲዞሩ ቀጭ ቀጭ የሚል ድምፅ ከመጣ የፊት ዘንጎቹ መገጣጠሚያ አልቋል። ፍጥነት ሲጨምር የሚጨምር ወጥ ጩኸት ከኩሽኔታ ወይም ከዲፍረንሻል ነው፤ ነዳጅ ሲሰጡና ሲለቁ ድምፁ ከተቀየረ ዲፍረንሻሉን፣ መሪውን ወደ አንድ ወገን ሲያዘነብሉ ከተቀየረ ኩሽኔታውን ይጠርጥሩ። የፊት አክስሉ ወጥ የሆነ መኪና በፈጣን ጉዞ ጉድጓድ ሲመታ መሪው በኃይል መንቀጥቀጥ ከጀመረ ቴስቲናዎቹ (የመሪው ዘንጎች መገጣጠሚያዎች) እና ጎሚኒዎቹ ይታዩ።

በእጅ በሚቀየር ካምቢዮ ላይ በከፍተኛ ማርሽ በዝግታ እየሄዱ ነዳጅ በደንብ ይስጡ። የሞተሩ ዙር ወጥቶ ፍጥነቱ ካልተከተለ ፍሪሲዮኑ አልቋል። በአውቶማቲክ ላይ ፍሬን ይዘው ከኋላ ማርሽ ወደ ፊት ሲያዞሩ ሳይዘገይና ሳይመታ ይያዝ። ኒሳን ኤክስትሬይልንና ሚትሱቢሺ አውትላንደርን ጨምሮ ብዙ ኤስዩቪዎች ሲቪቲ (የተወሰኑ ማርሾች የሌሉት አውቶማቲክ) ካምቢዮ ይዘው ወጥተዋል። ይህ ካምቢዮ ማርሽ ሲቀይር አይሰማም፤ መንቀጥቀጥ፣ ማፏጨት ወይም ዳገት ላይ ከሞቀ በኋላ ኃይል ማጣት ካለ ጥገናው ብዙ ጊዜ ሙሉ ካምቢዮ መቀየር ነው።

ፎር ዊሉን ሳይሞክሩ አይመለሱ። ለዓመታት ያልተነካ ፎር ዊል በተፈለገበት ቀን እምቢ ይላል። በማርሽ የሚገባ ከሆነ ጠጠር ላይ ብቻ ይሞክሩት፤ ደረቅ አስፋልት ላይ የፊትና የኋላ ጎማዎች ሲታጠፉ የሚሄዱት ርቀት ስለሚለያይ ዘንጎቹ ይጨናነቃሉ። የፊት ጎማዎቹ መሃል በእጅ የሚቆለፉ ከሆኑ አስቀድመው ይቆልፏቸው። ገብቶ ከሆነ ጠጠር ላይ ሲታጠፉ መሪው ይከብዳል። ከዚያ ቆመው ትራንስፈር ኬዙን ወደ ዝቅተኛው ማርሽ (ሎው) ያስገቡ፣ በአንደኛ ማርሽ ያለ ነዳጅ ቁልቁል ይልቀቁት። ማርሹ ራሱ ከወጣ ወይም ከትራንስፈር ኬዙ የሰንሰለት መዝለል የመሰለ ድምፅ ከተሰማ የጥገናውን ዋጋ ሳያውቁ አይደራደሩ።

ሲመለሱ ሞተሩን አያጥፉ። የአየር ማቀዝቀዣውን ከፍተው አሥር ደቂቃ ባለበት ይተዉት፣ የሙቀት መለኪያውን ይከታተሉ፣ ከሥሩ ምን እንደሚንጠባጠብ ለማየት እንደገና ያጎንብሱ። ከማቀዝቀዣው የሚወርድ ንጹሕ ውሃ ብቻ ነው የሚጠበቀው። አጥፍተው ወዲያው ደግመው ያስነሱት፤ ሲሞቅ የማይነሳም መኪና አለና።

ደረጃ 8፦ ከመክፈልዎ በፊት

እስካሁን ያለው መኪናው መካኒክ ዘንድ መውሰድ የሚገባው መሆኑን ለመለየት ነው። መካኒኩን እርስዎ ይምረጡ፣ ሻጩ ወይም ደላላው የሚጠቁመውን አይሁን። የፒስተኖቹን ግፊት እንዲለካ፣ የዲፍረንሻሎቹንና የትራንስፈር ኬዙን ዘይት እንዲያይ ያድርጉ። ሻጩ ይህን ከከለከለ ምክንያቱን መጠየቅ አያስፈልግም፤ ሌላ መኪና ይፈልጉ።

የተገኘውን ጉድለት ሁሉ እኩል አይመዝኑ። የተነካካ የሻንሲ ቁጥር፣ የተጣመመ ወይም የተበላ ሻንሲ፣ ጎርፍ፣ ውሃና ዘይት የተቀላቀለበት ሞተር፦ እነዚህ በዋጋ ቅናሽ የሚካሱ አይመስሉኝም። አሞርዛተር፣ ጎሚኒ፣ ጎማ፣ ቴስቲና፣ የፍሬን ሸራ፦ እነዚህ የሚያልቁ ዕቃዎች ናቸው፤ መለዋወጫውንና የእጅ ዋጋውን አስቀድመው ጠይቀው በወረቀት ይዘው ይደራደሩባቸው። ጭረትና የደበዘዘ ቀለም ሻጩን ዋጋ ለማስቀነስ ይጠቅሙ ይሆናል፣ መኪናውን ለመተው ግን ምክንያት አይሆኑም።

ስምምነቱ ካለቀና መኪናው በእጅዎ ከገባ በኋላ በመጀመሪያው ሳምንት የሞተሩን፣ የካምቢዮውን፣ የትራንስፈር ኬዙንና የሁለቱንም ዲፍረንሻል ዘይት፣ የፍሬን ዘይቱን፣ የራዲያተሩን ውሃና ማጣሪያዎቹን ይቀይሩ። ለካምቢዮው አምራቹ ያዘዘውን የዘይት ዓይነት ብቻ ይጠቀሙ፤ በተለይ ሲቪቲ የተሳሳተ ዘይት አይምርም። የታይሚንግ ቺንጋው ማስረጃ ከሌለው በዚሁ አብሮ ይቀየር። ቀኑንና ኪሎ ሜትሩን በአንድ ደብተር ላይ ጽፈው ደረሰኞቹን አብረው ያስቀምጡ፤ መኪናውን መልሰው በሚሸጡበት ቀን ገዢው የሚጠይቅዎት ይህንኑ ነው።